የወፍጮ ቤቱ ድምፅ፦ የአንድ አጭር ፊልም የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ቦታ መምረጥ

ትምህርቴ አዲስ አበባ፣ ቤቴ ደሴ ነው። የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክት ሁለት ኮርሶችን ባንድ ላይ ይይዛል፤ ውክልናን (ሰው በምስልና በድምፅ እንዴት እንደሚቀርብ) እና የፊልም ድምፅን። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ የሚሆን ዘጋቢ ፊልም እሠራለሁ። ከፊልሙ ጋር ማን እንደታየ፣ ማን እንደተሰማ፣ ማን ስለ ማን እንደተናገረ የሚያስረዳ ጽሑፍ አብሮ ይገባል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ባቲን ነበር። የሰኞ ገበያ፣ ግመል፣ አቧራ። ቆይቼ ሳስበው ካሜራ ይዞ ባቲ የሄደ ሁሉ ይዞ የሚመለሰው ያንኑ ነው። ትራንስፖርቱም አይቀመስም። ተውኩት።

ሐይቅ ከተማ አክስት አለችኝ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እህል ልታስፈጭ ስትሄድ ተከተልኳት። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጆሮዬ ድፍን አለ። አክስቴ ግን በዚያ ጩኸት መሀል ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች። በከንፈር፣ በእጅ፣ በቅንድብ ይግባባሉ። ይስቃሉ እንኳ። እኔ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ፊልሙ ያለው እዚህ ነው አልኩ።

የወፍጮ ቤቱን ጋሼ አስፈቀድኩ። «ቅረጪ። ቺንጋው አጠገብ ግን እንዳትደርሺ። ነጠላሽንም ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» አለኝ። ከዚህ በላይ ውል አልነበረንም።

ወጪ፦ ሚኒባስ ደርሶ መልስ 140 ብር። ለአክስቴ ስኳርና ቡና፣ ባዶ እጅ አይኬድም።

ሳምንት 2፦ የመጀመሪያ ቀረጻ፣ የመጀመሪያ ኪሳራ

ዕቃዬ፦ ሳምሰንግ ስልክ፣ ትንሽ ትራይፖድ፣ ፓወር ባንክ፣ 850 ብር የገዛሁት ባለ ሽቦ የደረት ማይክ። ማይኩ ስልኩ ላይ ይሰካል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀረጽኩ። ማታ ኢርፎን ሰክቼ ስሰማው የወፍጮ ድምፅ አይደለም፤ ሸራ ሲቀደድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ማዕበል መምሰል የነበረበት መስመር ላይና ታቹ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ክሊፕ አድርጓል። በዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ የመጣ ድምፅ አይመዘገብም፤ ጫፉ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የጠፋውን ጫፍ ገምቶ የሚሞላ መሣሪያ አለ። ሞከርኩት። ሸራው መቀደዱን ትቶ ካርቶን ሆነ።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። ስልኩ የድምፅ መጠኑን ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ወፍጮው ሲጮኽ ይቀንሳል፣ ሲቆም ይጨምራል። ስለዚህ ወፍጮው ቆሞ ሰው ሲያወራ፣ ከኋላ ሹሹታው እንደ ውሃ ሙሌት ቀስ እያለ ሲወጣ ይሰማል። ለቤት ቪዲዮ ምንም አይደል። በጩኸትና በዝምታ መካከል ስላለው ልዩነት ለሚሠራ ፊልም ግን ሞት ነው፤ ልዩነቱን ራሱን ያጠፋዋል።

ከሁለት ሰዓት ቀረጻ ለምስል የተረፈኝ 4 ደቂቃ ገደማ ነው። ድምፅ ምንም። ሌንሱ ላይም ዱቄት ተቀምጦ ኖሮ፣ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ጉም ውስጥ የተቀረጸ መስሏል።

ሳምንት 3፦ ሪከርደር ኪራይ፣ የበግ ፀጉርና በርበሬ

ደሴ ሠርግ ከሚቀርጽ ልጅ ላይ ትንሽ ሪከርደር ተከራየሁ። በቀን 500 ብር። «ከወደቀ ትከፍያለሽ» አለኝ፤ ልክ ነው። በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት ጥራት እንዲቀዳ አስተካከልኩት። ለፊልም የተለመደው ይኸው ነው። አውቶማቲኩን አጠፋሁ። ጌይኑን (ድምፅ የሚቀበልበትን መጠን) በእጄ ዝቅ አድርጌ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 ዴሲቤል ብዙም እንዳያልፍ አደረግኩ። ለድንገተኛ ጩኸት ቦታ መተው ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ማሽላ ከሚዛን ሲወርድ ምን ያህል እንደሚጮኽ ያልሰማ አያምንም።

ቡም፣ ማለትም ማይክ የሚንጠለጠልበት ረጅም ዘንግ፣ የለኝም። የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ሪከርደሩን በላስቲክ አንጠልጥዬ ሠራሁ። በቀጥታ ከታሰረ የእጄ እንቅስቃሴ ሁሉ «ኩፍ ኩፍ» እያለ ይገባል። ላስቲኩ ያንን ይይዘዋል። ለንፋስ መከላከያ አክስቴ ቤት ካለ አሮጌ የበግ ለምድ መዳፍ የሚያህል ቆርጬ ሰፋሁ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የከሰዓት ንፋስ ቀላል አይደለም፤ ለምዱ ግን ረታው። ወጪ 0 ብር፣ የአክስቴ ቁጣ ሳይቆጠር።

ዋናው ትምህርት ርቀት ነው። ክፍል ውስጥ ሲነገረን ቀለል አድርጌ ነበር የሰማሁት። ማይኩ ከምንጩ በእጥፍ ሲርቅ ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ማለት ነው፤ ግድግዳ ባለበት ይለያያል። የሰውየው ድምፅ ይወርዳል፣ ወፍጮው ግን ቤቱን ሞልቶታልና እዚያው ነው። መፍትሔው አንድ ብቻ ሆነ፤ መቅረብ። የደረቱን ማይክ ከጋሼ አፍ አንድ ስንዝር ላይ፣ ሸሚዙ ኮሌታ ሥር አሰርኩለት። ወፍጮው እየሠራ እንኳ ቃሉ ተለየ። ንጹሕ አይደለም፤ ግን ይገባል።

ኖይዝ ሪዳክሽንም ሞክሬያለሁ። የወፍጮውን ድምፅ ናሙና ሰጥቼ «ይህንን አውጣ» አልኩት። ወፍጮው ቀነሰ፣ ጋሼ ግን ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የጩኸቱ ወፍራም ክፍል ከንግግሩ ጋር ባንድ ቦታ ስለተቀመጠ አንዱን ስትቆርጥ ሌላው ይደማል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን የሞተር ጉርምርምታ ብቻ በማጣሪያ አስወገድኩ፤ እሱ ንግግሩን አይነካም።

ሐሙስ የበርበሬ ቀን ነበር። አላወቅኩም። የዓቢይ ጾም ሊገባ ስለሆነ ሽሮና በርበሬ የሚያስፈጨው ሰልፍ መንገድ ድረስ ወጥቷል። ረመዳንም በዚያው ሰሞን ስለሚገባ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። የ40 ደቂቃ ቀረጻዬ በሙሉ ሳል ነው። የእኔም ጭምር። አንዲት ሴትዮ እያነጠሰች «ለፊልም ብለሽ ልትሞቺ ነው እንዴ?» አለችኝ። ይቺን አስቀርቻታለሁ።

ሳምንት 4፦ መብራት ሄደ

ማክሰኞ ረፋድ፣ ሰልፉ ሞልቶ፣ መብራት ሄደ። የወፍጮው ድምፅ ባንዴ አይቆምም። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ድንጋዩ በራሱ ጉልበት ጥቂት ይዞራል፣ ከዚያ ቺንጋው «ፕፍ» ብሎ ያርፋል። ዝም። ቀጥሎ ከማዕዘኑ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ። ለካ ቀድሞም ያለቅስ ነበር።

እኔ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ፓወር ባንክ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። በካሜራ የያዝኩት ነገር የለም። ተናደድኩ። ሪከርደሩ ግን በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከሚዛኑ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ እየሠራ ነበር። 14 ደቂቃ ያዘ። የጤፍ ዋጋ፣ የማን ልጅ ሠርግ፣ የማን ባል ሰነፍ እንደሆነ፣ አንዲት ሴት ጅዳ ስላለች ልጇ፣ የጋሼ ቀልድ፣ የሕፃኑ ልቅሶ፣ የማሽላ ፍሬ ሲሚንቶ ላይ ሲፈስ። ለአራት ሳምንት ልቀርጸው የለፋሁት ፊልም በሌለሁበት ተቀርጾ ጠበቀኝ።

ምስል የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ እንደ ጉድለት አየሁት። ሁለት ቀን ካዳመጥኩት በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። ተናጋሪዎቹን ስለማላያቸው የምሰማው በደንብ ነው። «ይቺ የትኛዋ ናት?» እያልኩ ፊት እፈልጋለሁ። ስለ ፊልም ድምፅ የሚጽፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ሺዮን ድምፅ ለምስል ትርጉም እንደሚጨምርለት፣ ተመልካቹ ግን ያ ትርጉም ከምስሉ ከራሱ የመጣ እንደሚመስለው ጽፏል። እኔ እጅ ላይ ያለው የተገላቢጦሽ ነው፤ ምስሉ ስለጠፋ ድምፁ በራሱ እግር ቆመ።

ግን ሴቶቹ እንደሚቀረጹ አያውቁም ነበር። ይሄ ሌላ ሥራ ነው። ሳምንት 5 ላይ እመለስበታለሁ።

ለጽሑፉ፦ የማን ድምፅ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የፊልሙ አቅጣጫ የተቀየረው በዚህ ነው።

ወሎ በፊልም ከታየባቸው ጊዜያት ዓለም የሚያውቃቸው ሁለቱ ናቸው። አንደኛው በጥቅምት 1966 የብሪታንያ ቴሌቪዥን ያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ዘገባ ነው። ሁለተኛው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ያሳየው የኮረም ዘገባ ነው፤ ካሜራው የኬንያዊው የመሐመድ አሚን፣ ትረካው የማይክል በርክ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች።

ሁለቱም ሕይወት አትርፈዋል፤ እርዳታ አምጥተዋል። ይህንን ማቃለል አልችልም። አክስቴ የ77ቱን ዓመት ታስታውሳለች፣ እኔ አላስታውስም። ግን እንደ ተማሪ ድምፁን ብቻ ለይቼ ሳዳምጥ ሌላ ነገር አለ። የሕዝቡ ድምፅ ከሥር ነው፤ ልቅሶ፣ ሁካታ። ከላይ ሆኖ ምን እያየን እንደሆነ የሚነግረን ተራኪው ነው። ምስሉ የወሎ ሰው፣ ቃሉ የእንግዳ።

የ66ቱ ፊልም ደግሞ ለኤዲቲንግ ክፍል የሚሆን ታሪክ አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። የተራበው ሰው ያው ነው፣ የተቀረጸውም ያው ነው። አጠገቡ የተቀጠለው ምስል ሲለወጥ ለእርዳታ የተሠራው ፊልም የክስ ፊልም ሆነ። ስለ ውክልና የባህል ጥናት ምሁሩን ስቱዋርት ሆልን ስናነብ፣ ምስል ያለውን ነገር እንደ መስታወት መልሶ የሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ትርጉም የሚሠራበት ቦታ ነው የሚለው ሐሳብ ከብዶኝ ነበር። በዚህ ምሳሌ ቀለለኝ።

ከረሃቡ ሌላ ያለው የወሎ ምስል ቁንጅና ነው። ተራራ፣ ሐይቅ፣ ዓይነ ግቡ ልጃገረድ፣ ትዝታ በዋሽንት። እሱም ቢሆን ሰውየውን አያናግርም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንት ፀሐይ ስትወጣ ሐይቁን ቀርጬ ለመክፈቻ አስቀምጬ ነበር። አወጣሁት። ፖስትካርድ ነው።

ሳምንት 5፦ ፈቃድ መጠየቅና የሲንክ ጣጣ

ሪከርደሩንና ሁለት ኢርፎን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰባት ሴቶች ናቸው፤ አክስቴ ድምፃቸውን ለየችልኝ። እያንዳንዷን አሰማሁ። አብዛኞቹ ሳቁ። አንዷ የራሷን ድምፅ ሰምታ «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?» ብላ ተከራከረች። ስለ ጅዳዋ ልጇ ያወራችው እናት እስከ መጨረሻው ሰማችና «ይሄን ተይው» አለችኝ። ምክንያት አልጠየቅኩም። 3 ደቂቃ ያህል ወጣ። ለፊልሙ ትልቁ ቦታ እሱ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሆዴ ተላውሷል። ሳጠፋው እያየችኝ ነበር። «አብሽሪ፣ ሌላ ታገኛለሽ» ብላ እሷው አጽናናችኝ።

ቴክኒኩ ላይ ሌላ ችግር። የስልኩን ምስልና የሪከርደሩን ድምፅ ሳገናኝ መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፤ ከ7ኛው ደቂቃ በኋላ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ሪከርደሩን ጠረጠርኩ፣ ገመዱን ጠረጠርኩ፣ ራሴን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ የስልኩ ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እያለ እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ኤዲቲንግ ፕሮግራም ደግሞ እኩል ፍሬም ይጠብቃል። በነፃ በሚገኘው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም በሃንድብሬክ እያንዳንዱን ፋይል ወደ ቋሚ ፍሬም ቀየርኩ። አሮጌው ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ አደረ። ጠዋት ሁሉም ገጠመ። ከአሁን በኋላ ሳልቀይር አንድም ፋይል ታይምላይን ላይ አልጥልም።

ምስልና ድምፅ ለማገጣጠም ቀረጻ ሲጀመር የሚመታው ክላፐር የለኝም። በየቀረጻው መጀመሪያ ጣሳ ሚዛኑ ላይ አንኳኳለሁ። አንዴ ስልኩን ከመንገዱ ማዶ፣ 30 ሜትር ያህል አርቄ ቀረጽኩና የሁለቱን ድምፅ ማዕበል አገጣጠምኩ። አሁንም ልክ አልመጣም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ጣሳው ሲመታ አጠገቡ ያለው ሪከርደር ወዲያው ሲሰማ፣ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 0.09 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ከሁለት ፍሬም በላይ ማለት ነው። በርቀት የተቀረጸውን በድምፅ ሳይሆን እጄን በዓይን አይቼ ማገጣጠም ነበረብኝ።

በዚህ ሳምንት ጋሼ ድንጋዩን ወቀረ። ወፍጮው ይፈታል፣ ድንጋዩ ይገለበጣል፣ የደነዘዘው ፊት በመውቀሪያ ይቀረጻል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሲደነዝዝ በምን እንደሚያውቅ ጠየቅኩት። «ዱቄቱ ይሞቃል» አለና ከቋቱ ቆንጥሮ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እያሸ አሳየኝ። የመውቀሪያው «ቂንጥ ቂንጥ» በዚህ ፊልም ውስጥ ካሉኝ ድምፆች ሁሉ ንጹሑ ነው። ሪከርደሩን የመለስኩት በማግስቱ ነው፤ ወፍጮው ተገጥሞ ሲነሣ የቀረጽኩት በስልክ ብቻ ነው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ሳምንት 6፦ የመጀመሪያ ቅንብር፣ 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ

የማቀናብረው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው፣ ነፃው ቅጂ። ትረካ ጻፍኩ፣ በራሴ ድምፅ አነበብኩት። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነው የቀረጽኩት፤ ድምፅ እንዳይመለስ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ያልባል እንጂ። ጉርምርምታው እንዳይገባ ፍሪጁን ነቅዬ ነበር። መልሼ መሰካቱን እንዳልረሳ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ይሠራል።

ለክፍል ጓደኛዬ ላክሁላት። የመለሰችው አንድ መስመር ነው፦ «የእርዳታ ድርጅት ማስታወቂያ ይመስላል።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ ድጋሚ አየሁት። ልክ ናት። የአንዲት አሮጊት እጅ በቅርብ፣ የተሸበሸበ፣ ዱቄት የነካው። ከሥር ዋሽንት። ከላይ እኔ፣ በዜና አንባቢ ቃና፣ «የወሎ እናቶች…» እያልኩ። በጽሑፌ የተቸሁትን አደራደር በራሴ እጅ ሠርቼዋለሁ፤ ምስሉ የእነሱ፣ ቃሉ የእኔ። እንግዳ መሆን አያስፈልግም ለካ።

እጃቸውን የቀረጽኳቸው እማማ ያኔውኑ ብለውኝ ነበር። «እጄን ብቻ ነው እንዴ የምታነሺው? ፊቴ ምን ሆነ?» ስቄ አለፍኩት።

ትረካውን በሙሉ አወጣሁ። ዋሽንቱንም። አንድ ሌላ ያፈርኩበት ነገር፦ መክፈቻው ላይ አዛንና የቅዳሴ ድምፅ ደርቤ አስገብቼ ነበር፤ «ወሎ እንዲህ ነው» ለማለት። ሁለቱም እውነተኛ ድምፆች ናቸው፣ ሐይቅ ላይ የቀረጽኳቸው። ግን በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰዓት። ቀጣጥዬ የሠራሁት ፖስተር ነው። ወጣ። ሴቶቹ ስለ ጾማቸውና ስለ ረመዳን ሽር ጉድ ባንድ ሰልፍ ሲያወሩ ያለው ይበቃል፤ እሱንም እኔ አላዘዝኩትም።

የቀረው 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። ባዶ ሆኖ ታየኝ።

ሳምንት 7

ታመምኩ። ምንም አልሠራሁም። ሜሞሪ ካርድ 64 ጊጋ፣ 1,100 ብር።

ሳምንት 8፦ መጅ

እማማ ጋ ተመለስኩ። ፊታቸውን ልቀርጽ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። «መርሐባ» አሉና ሻሻቸውን ቀየሩ።

ወሬ ስናወራ ከሞተር በፊት ስለነበረው ወፍጮ ጠየቅኳቸው። «ጓሮ አለ» አሉ። አለ። ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል። ሁለት ሆነን አጠብነው፤ መጁ የተገኘው ከአጥሩ ሥር ነው። አንድ እፍኝ ማሽላ አደረጉበትና ተንበረከኩ። 80 ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ አይሆንም ብላቸው «ዝም በይ፣ ገላዬ ያውቀዋል» አሉኝ።

ዝፈኑልኝ አልኳቸው። «ዝፈኚ ብለሽ ካዘዝሽኝ አልዘፍንም። ወፍጮ ላይ ካለሁ ግን አፌ አይዘጋም።» እውነትም ከአንድ ደቂቃ በኋላ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቃሉ ግማሹ አይሰማም። ስንኝ መጨረሻው ላይ መጁን ገፋ ሲያደርጉት ትንፋሻቸው ይቆረጣል፤ ዜማው የሚቆረጠው በዚያው ነው። የመጁ ምት ነው ዜማውን የሚመራው። ይህንን ስቱዲዮ ውስጥ ማንም አይሠራልኝም።

የተቀረጸው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ከመኪና ለመሸሽ። ከመኪና ሸሸሁ፣ ከአውራ ዶሮ ግን አልቻልኩም። ዶሮው ከጮኸ መቁረጥ አይቻልም፤ ግማሽ ጩኸት ላይ ከቆረጥኩ ተመልካቹ መቆረጡን ይሰማል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳልቆርጥ ተውኩት። ከዚህ በፊት ከ6 ሰከንድ በላይ የሚቆይ ምስል አስገብቼ አላውቅም። ሲያልቅ አንድ ደቂቃ ዝም ብለን ተቀምጠን የግቢውን ዝምታ ቀዳሁ። ሩም ቶን ይባላል። ሁለት ቀረጻ ሲቀጣጠል ከሥር የሚነጠፍ ነው፤ ያለ እሱ መገጣጠሚያው ቀዳዳ ይሆናል። እማማ «አሁን ምን እየሰማሽ ነው?» አሉ። ምንም አልኩ። «ምንምን ነው የምትቀጂው?» እንደገና ከመጀመሪያው ቀዳሁ።

ሳምንት 9፦ ሚክስ

አወቃቀሩ አሁን እንዲህ ሆነ። ወፍጮው እየጮኸ ይጀምራል። መብራት ይሄዳል፤ ምስሉም ይጠፋል። ጥቁር። ከ14ቱ ደቂቃ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ወሬ በጨለማ። ከዚያ የእማማ ጓሮ። በመጨረሻ መብራት ይመጣል፣ ወፍጮው ይነሣል።

የግርጌ ጽሑፍ ላይ ብዙ ተከራከርኩ፤ ከራሴ ጋር። አንድ ሰው «የሴቶቹ አማርኛ ለአዲስ አበባ ተመልካች እንዲገባ ከሥር ጻፊ» ብሎኝ ነበር። አማርኛን በአማርኛ መተርጎም? የእነሱ አነጋገር ችግር እንዳለበት ሊመስል ነው። አልጽፍም። ወፍጮው በሚጮኽበት ቦታ ግን ለሁሉም ጻፍኩ፤ ለጋሼም፣ ለአክስቴም፣ «ማይኩን ላስተካክል» ለምለው ለራሴም። እዚያ የሚያስቸግረው ወፍጮው እንጂ አነጋገራቸው አይደለም።

የድምፅ መጠኑን የአውሮፓ ብሮድካስተሮች በሚጠቀሙበት በ-23 LUFS (የአማካይ ድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ልክ አድርጌ ነበር። ስልክ ላይ ሲሰማ ሹክሹክታ ሆነ። ለክፍል ማሳያ እሱን ትቼ፣ ስልክ ላይ ለሚያዩት 7 ዴሲቤል ከፍ ያለ ሌላ ቅጂ አወጣሁ። በኢርፎን የሠራሁት የሞተር ጉርምርምታ የወንድሜ ብሉቱዝ ስፒከር ላይ የለም። ትንሽ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም። ቺንጋው የሚመታበትን «ታክ ታክ» ከፍ አድርጌ ተካሁት፤ ጆሮ ሞተሩን ራሱ ያሟላዋል።

ወጪ እስካሁን፦ ሪከርደር አምስት ቀን 2,500፣ ማይክ 850፣ ካርድ 1,100፣ ሚኒባስ 1,540። በድምሩ 5,990 ብር። ስኳሩንና ቡናውን አልቆጠርኩም፣ ብቆጥረው ይበልጣል።

ሳምንት 10፦ ወፍጮ ቤት ውስጥ

ላፕቶፑንና የወንድሜን ስፒከር ይዤ ሄድኩ። ከሥራ በኋላ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን። አክስቴ፣ ከሰባቱ ሴቶች አራቱ፣ እማማ፣ ጋሼ። ምስሉ ሲጠፋ አንዷ «ተበላሸ» አለች። ወሬው ሲጀምር ግን ሁሉም ባንዴ አወቁት። «ይቺ እኔ ነኝ!» «ዝም በሉ፣ የእኔ ይመጣል!» እንደገና በጨለማው ላይ አወሩበት። የራሳቸውን ወሬ አልሰሙትም።

እማማ ፊታቸውን ሲያዩ ምንም አላሉም። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ጋሼ መጨረሻው ላይ ግንባሩን ቋጠረ። መብራት መጥቶ ወፍጮው ሲነሣ ነው። «መልሺው» አለኝ። መለስኩ። «ይሄ የኔ ወፍጮ አይደለም።» ያንተው ነው አልኩት። «የኔ ነው፣ ግን ድንጋዩ ሳይወቀር ነው። ምስሉ ላይ ተወቅሯል። ድምፁ ደንዝዟል።»

ቤት ገብቼ ፋይሉን አየሁ። ምስሉ የሳምንት 5 ነው፣ ከመውቀሩ በኋላ። የዚያ ቀን ድምፅ በስልክ የተቀዳ፣ የተቆራረጠ ስለነበር በሳምንት 3ቱ የሪከርደር ድምፅ ተክቼዋለሁ። ያው ወፍጮ፣ ያው ቤት ነው፤ ማንም አይለየውም ብዬ።

ድንጋዩ ድጋሚ ሳይደነዝዝ መቅዳት አለብኝ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሪከርደሩን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሌላ 500 ብር። ለጋሼ ደውዬ ነገርኩት። «ጤፍ ሲፈጭ ነው የምትፈልጊው ወይስ ማሽላ?» አለኝ። ምስሉ ላይ ምን እንደሚፈጭ ከፍቼ ማየት አለብኝ።